ባሕር የማይደርሰው የአራዳ ወንዝ

በመስከረም 1946 ዓ.ም. የወጣው የባሕር አዋጅ ቁጥር 137 የኢትዮጵያን የባሕር ክልል ከቀይ ባሕር ጠረፍ እስከ 12 የባሕር ማይል ወሰነ። በሚያዝያ 1952 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ሕጉ ከንግድ ሕጉና ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ጋር አብሮ ታወጀ። ምጽዋና አሰብ በእጃችን ነበሩ፤ የሕጉ ዋና ጭንቀትም መርከብ፣ ጭነትና ኢንሹራንስ ነበር። የውኃው ንጽህና ያኔ የማንም ራስ ምታት አልነበረም። በዚህ አባቶቻችንን መውቀስ አይገባም፤ ዓለምም ቢሆን የነቃው በ1959 ዓ.ም. ቶሪ ካንየን የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በእንግሊዝ ጠረፍ ተሰብራ ዘይቷን ከደፋች በኋላ ነው። ማርፖል የሚባለው የመርከብ ብክለት ስምምነትም ከዚያ ስድስት ዓመት ቆይቶ መጣ።

በ1985 ዓ.ም. ጠረፉ ቀረ። የባሕር ብክለት ጉዳይም አብሮ የቀረ መሰለን።

ብክለቱ ግን በወንዞቻችን ቀጥሏል፤ እስቲ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲሻገሩ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆም ብለው ወደ ታች ይመልከቱ። ፌስታሉ ከድንጋይ ላይ ተጣብቆ፣ የሃይላንድ ጠርሙሱ ተንሳፍፎ፣ ከግራ ከቀኝ ከየግቢው የወጣው ቱቦ ሳሙናና ሽንት ቤቱን ሲያንቆረቁር ያዩታል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ሁሉንም ጠርጎ ይወስድና ወንዙ የጸዳ ይመስላል። የት ወሰደው? ወደ አቃቂ ወንዝ። አቃቂ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያ አዋሽ ይቀበለዋል። በመንገዱ ላይ ሰላጣውን፣ ጎመኑንና ቆስጣውን ያጠጣል፤ አትክልቱም ወደ ከተማዋ ገበያ ተመልሶ ይመጣል። የአዋሽ ነገር ደግሞ ልዩ ነው፤ ባሕር አይደርስም። አፋርን አቋርጦ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የአራዳን እዳሪ የሚያቀጥን ውቅያኖስ የለም ማለት ነው፤ የሚቀበለው ከብቱን አዋሽ የሚያጠጣው አርብቶ አደር ነው።

ለዚህ ውኃ ሕግ የመጣው ዘግይቶ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን አሰፈረ። በ1992 የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ፣ በ1995 ደግሞ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ተከተሉ። በእኔ ግምት የዚህ አዋጅ እንቁ አንቀጽ 11 ነው። ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በበካይ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አቤት ማለት ይችላል። ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሕጉ እንዲህ ሰፊ በር የከፈተው ወንዝ ራሱ ከሳሽ ሊሆን ስለማይችል ነው።

በሩ ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ። አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው ድርጅት የአቃቂንና የሞጆን ወንዞች ብክለት ይዞ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ተቆጣጣሪው ራሱ ተከሳሽ ሆኖ መቅረቡ ለአገሩ አዲስ ነገር ነበር። ክሱ በ1999 ዓ.ም. ውድቅ ተደረገ። ወንዞቹ ግን እስከ ዛሬ እንዳሉ ናቸው፤ ሕጉ ማንኛችንም እንድንጠይቅ ሲፈቅድ፣ መልሱ ግን ከፍርድ ቤት ደጅ አላለፈም።

አሁን የከተማው አስተዳደር የወንዝ ዳርቻዎችን እያለማ ነው፤ ድንጋዩ ይነጠፋል፣ ሣሩ ይተከላል። መልካም ነው። ይሁንና ከድልድዩ በላይ ያለው ቱቦ ካልተዘጋ ዳርቻ ማሳመር ብቻውን ወንዙን አያጸዳውም። ስለዚህ የፒያሳ ነዋሪ ሆይ፣ ቱቦ ወንዝ ላይ ሲለቀቅ ካዩ በጽሑፍ አቤት ይበሉ፤ ያስገቡበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያስመቱ፣ 30ውን ቀን ከዚያ ይቁጠሩ።