ሙያ በወረቀት ይፈተን ወይስ በእጅ?

“ሙያ በልብ ነው” ይላል ያገራችን ሰው። ይሁን እንጂ በልብ ያለውን ሙያ ቀጣሪ ሊያየው ስለማይችል መፈተን የግድ ይሆናል። ወገኖቻችን ለብየዳ፣ ለኤሌክትሪክ ወይም ለጥገና ሥራ ሲቀርቡ፣ አንዱ ፋብሪካ መሣሪያ ያስይዛቸዋል፤ ሌላው ደግሞ በዕብራይስጥ የተጻፈ የጥያቄ ወረቀት ይሰጣቸዋል። ውድ አንባብያን፣ የሁለቱ ፈተናዎች ልዩነት የቆየ ታሪክ ስላለው በአጭሩ እንመልከተው። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤል ቀጥቃጭ የምስክር ወረቀት አልነበረውም። ማረሻው መሬት ገብቶ ሲያርስ፣ ማጭዱ እህል ሲያጭድ፣ ሚስቱ የሠራችው ድስት እሳት ላይ ሳይሰነጠቅ ሲቀር፣ ፈተናው ታለፈ ማለት ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን የጎንደር አብያተ መንግሥት ሲታነጹ ግንበኞቻችንና አናጢዎቻችን እንደተሳተፉ አባቶቻችን ይናገራሉ። ሆኖም ማረሻውን የሚፈልገው ጎረቤት ሠሪውን “ቡዳ” እያለ ይሸሸው ነበር። ስለዚህ ሥራው መልካም መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ፈታኙም ቅን መሆን አለበት።

አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ሠራዊቷ ብዙ ሾፌርና መካኒክ አስፈለገው። “ሙያ አለኝ” ያለው ሁሉ ግን ባለሙያ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ ሦስት ዓይነት የሙያ ፈተና ተዘጋጀ፤ አንዱ በቃል፣ ሁለተኛው በሥዕል፣ ሦስተኛው ዕቃ ሰጥቶ በእጅ የሚያሠራ። ሰውየውም ጀማሪ፣ ለማጅ፣ ባለሙያ ወይም የላቀ ባለሙያ እየተባለ ይመደብ ነበር። ያው ሠራዊት ወደ 1.7 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች አጠቃላይ የአእምሮ ፈተናም ሰጥቷል። ከጦርነቱ በኋላ የወረቀቱ ፈተና በየድርጅቱ ተስፋፋ፤ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚሰጥ ወጪው ጥቂት ነውና።

ጉዳቱ በፍርድ ቤት የታየው በኋላ ነው። በኖርዝ ካሮላይና የሚገኝ የዱክ ፓወር ኩባንያ የኃይል ማመንጫ ጥቁር ሠራተኞችን በጉልበት ሥራ ክፍል ብቻ ያሠራ ነበር። በ1965 አድልዎን የሚከለክለው ሕግ ሲጸና፣ ወደ ተሻለው ክፍል ለመግባት የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማና የጽሑፍ ፈተና የሚጠይቅ ሆነ። ዲፕሎማም ፈተናም ሳይጠየቁ ቀደም ብለው የገቡት ነጮች ግን ሥራቸውን በደንብ ይሠሩ ነበር። ዊሊ ግሪግስና ባልደረቦቹ ከሰሱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በማርች 8 ቀን 1971፣ አንድን ወገን የሚያስቀር ፈተና ከሥራው ጋር ግንኙነት እንዳለው ካልታየ በቀር እንደማይፈቀድ በአንድ ድምፅ ወሰነ። ኩባንያው ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም ቢልም ያ ብቻ አያድነውም።

በእስራኤልም በ1988 የወጣው በሥራ የእኩል ዕድል ሕግ ተመሳሳይ ሐሳብ አለው። በ1995 በተደረገው ማሻሻያ የትውልድ አገርም ከተከለከሉት የአድልዎ ምክንያቶች ጋር ተጨመረ። ለጉዳዩ አግባብ የሌለው ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥም በዚሁ ሕግ እንደ አድልዎ ይቆጠራል። ሥራ ፈላጊው ቀጣሪው ያወጣውን መስፈርት ማሟላቱን ካስረዳ፣ አለማዳላቱን የማስረዳት ሸክም ወደ ቀጣሪው ይዞራል።

ይህ ማለት ግን ዕብራይስጥ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ የማያነብ ኤሌክትሪሺያን ራሱንም ጓደኛውንም ለአደጋ ያጋልጣል፤ ስለዚህ ኡልፓን መማር የሙያው አካል ነው። ነገር ግን ብየዳ ለሚበይድ ሰው ስለ ሌላ ነገር የተጻፈ ፈተና ቢቀርብለት፣ “ይህ ከሥራው ጋር ምን ግንኙነት አለው? ሥራውን በእጄ ላሳይ?” ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የተሰጠውን መልስ ከነቀኑ መጻፍም ይጠቅማል። አባቶቻችን በማረሻቸው ሲመሰከርላቸው ኖረዋል፤ ልጆቻቸውም መሣሪያውን ጨብጠው ሙያቸውን እንዲያሳዩ ዕድል ሊሰጣቸው ይገባል።