የፀረ-ተባይ ቁጥጥር፦ ከመርጫ እስከ አዋጅ
መርሳን መቀመጫው ያደረገው ሀብሩ ወረዳ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። በእንዲህ ያለ የገበሬ አገር የአደገኛ ኬሚካል ታሪክ ከፋብሪካ ይልቅ ከመርጫና ከመጋዘን ጋር የተያያዘ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው የወባ ማጥፋት አገልግሎት ዋና መሣሪያው በየቤቱ የሚረጭ ዲዲቲ ነበር። በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ተመሠረተ። ለወባ፣ ለአንበጣና ለሰብል ተባይ ከገባው ኬሚካል የተረፈው በየመጋዘኑ ጊዜው አለፈበት፤ በርሜሎቹ ዝገው መርዙ ወደ አፈር ፈሰሰ።

በ1984 በሕንድ ቦፓል ከፀረ-ተባይ ፋብሪካ ያመለጠ ጋዝ ሺዎችን ገደለ። ኢትዮጵያም በ1990 በልዩ ድንጋጌ ቁጥር 20 ፀረ-ተባይ ሁሉ ከአገልግሎት በፊት እንዲመዘገብ አዘዘች። ከ2000 በኋላ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ድጋፍ ከ1,000 ቶን በላይ አሮጌ ኬሚካል ተሰብስቦ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ተላከ።

አዋጅ ቁጥር 674/2002 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የምዝገባውን ሥርዓት አጠናከረ፤ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ዓ.ም. ደግሞ የአደገኛ ቆሻሻን አያያዝና አወጋገድ ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ2020 የአንበጣ መንጋ ሀብሩ የሚገኝበትን ሰሜን ወሎን ሲወርር ርጭቱ ተመለሰ። ከርጭት በኋላ የሚቀረውን ኬሚካልና ባዶ ዕቃ መሰብሰብም የቁጥጥሩ አካል ነው።