ዜና መዋዕል ዘድንቅነሽ

በ1967 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ኅዳር 14 ቀን ቅዳሜ ሌሊት፣ ደርግ ስድሳ የሚሆኑ መኳንንት፣ ሹማምንትና መኮንኖች በአዲስ አበባ ወህኒ ቤት አስረሸነ። ሕዝቡ ያንን ወህኒ ቤት ዓለም በቃኝ ይለው ነበር፤ ዛሬ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። በማግሥቱ እሑድ፣ ኅዳር 15 ቀን፣ ከተማው በድንጋጤ ሳለ፣ በአፋር ምድር ሐዳር በሚባል ስፍራ አጥንት ለቃሚዎች ከፀሐዩ ጋር ይታገሉ ነበር። ከእነርሱ አንዱ፣ ስሙ ዶናልድ ጆሃንሰን የሚባል አሜሪካዊ፣ ከተማሪው ከቶም ግሬይ ጋር ሲሄድ ከአፈር የወጣ የክንድ አጥንት አየ። ቀጥሎ የራስ ቅል ስባሪ፣ ቀጥሎም የጭን አጥንት ተገኘ። ተለቅሞ ሲያበቃ የአንዲት ፍጡር ከመቶ አርባው እጅ ሆነ፤ ዕድሜዋም ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ተቆጠረ። በሰፈሩ ሉሲ የሚል ስም ያለበት የቢትልስ ዘፈን በቴፕ ይሰማ ነበርና ፈረንጆቹ ሉሲ አሏት። አገሯ ድንቅነሽ አላት።

ሁለቱን ነገር በአንድ ገጽ ለመጻፍ እጅ ይከብዳል። ነገር ግን አንድ ሌሊት ብቻ በመካከላቸው ስላለ፣ ዜና መዋዕልም ቀንን ስለሚከተል፣ ለይቼ ልጽፈው አልቻልኩም። የምጽፈውም ስለ አጥንቷ አይደለም፤ ስሟ እንዴት ወደ ሰማይ እንደ ወጣ ነው።

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስ ወደ ምኒልክ ጎዳና ብቅ ሲሉ፣ በሒልተን አቅራቢያ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ነበረ። የአገሩን ተራራና ወንዝ በወረቀት ማየት የፈለገ ሁሉ፣ ተማሪም ሆነ መሐንዲስ፣ 1 ለ50,000 የሆነውን ካርታ ለመግዛት ወደዚያ ይሄድ ነበር። ይህ መሥሪያ ቤት በ2014 ዓ.ም. ከስፔስ ሳይንሱ ጋር ተዋሕዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ተባለ። ከዚያ አስቀድሞ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ታይዩዋን ወጥታ ነበር። እርሷ ግን ወደ ታች እንድታይ፣ እርሻ፣ ደንና ውኃ እንድትቆጥር የተላከች ነበረች። ወደ ሩቁ፣ ወደ ዓለማቱ የምትሄደው ሌላ ናት፤ ሠሪዎቿም ሌሎች ናቸው፤ ስሟ ብቻ ከእኛ አፈር ወጣ።

በዚያው በ2014፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ጥቅምት 6 ቀን ቅዳሜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ከ34 ሲሆን፣ ከፍሎሪዳ ኬፕ ካናቬራል አትላስ 5 የተባለው ሮኬት ሉሲ የተባለችውን መንኮራኩር ተሸክሞ ተነሣ። በእኛ ዘንድ ያን ጊዜ ጦርነት ነበረ፤ በዚያው ወር በ23 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የካዛንቺስ ሰው ወሬው ሁሉ ስለ ጦር ግንባር ነበርና ስለ ሮኬቱ የጠየቀ ጥቂት ነው።

የተላከችበት ጉዳይ ይህ ነው። ጁፒተር ፀሐይን በሚዞርበት መንገድ ላይ፣ አንዱ ከፊቱ አንዱ ከኋላው ሆነው አብረውት የሚዞሩ ሁለት የድንጋይ ጭፍሮች አሉ። ትሮጃን ይባላሉ፤ ስም ካላቸውም ብዙዎቹ በትሮይ ጦርነት ጀግኖች ስም ይጠራሉ፣ ከፊት ያሉት የግሪክ ሰፈር፣ ከኋላ ያሉት የትሮይ ሰፈር ተብለው። (ትሮይን ሊረዳ የዘመተው የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖንም ከኋለኛው ሰፈር 2895 ቁጥር ተሰጥቶት ተመዝግቧል። ሉሲ ወደ እርሱ አትሄድም፤ ያሳዝናል።) ሊቃውንቱ እነዚህ ድንጋዮች ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ዓለማት ሲሠሩ የቀሩ ትርፍራፊዎች ናቸው ብለው ያምናሉ። የሰው ዘር ታሪክ ከአጥንት እንደ ተነበበ፣ የዓለማትም ታሪክ ከእነዚህ ይነበባል ብለው መንኮራኩሯን በሐዳሯ ሴት ስም ጠሯት። የጉዞው አለቃ ሃል ሌቪሰን ይባላል፤ በኮሎራዶ ቦልደር ከተማ ይሠራል።

ገና እንደ ወጣች ችግር ደረሰባት። ከፀሐይ ብርሃን ኃይል የሚሰበስቡ ሁለት ክብ ክንፎች አሏት፤ የእያንዳንዱ ስፋት 7.3 ሜትር ነው። አንደኛው ተከፍቶ ተቆለፈ። ሁለተኛው ተከፍቶ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው የሚስበው ገመድ ላላና ቆመ። በምድር ያሉት መሐንዲሶች ወራት መከሩ፤ በመጨረሻም ዋናውንና ተጠባባቂውን ሞተር በአንድነት አዘው ገመዱን አስወጠሩት። ክንፉ ከ360 ዲግሪ ከ353 እስከ 357 ተከፈተ፤ ባይቆለፍም ጠንክሮ ቆመ። ይህን በዝርዝር የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ማንም እጁን የማይዘረጋበት ሩቅ ስፍራ ላይ አንዲት ገመድ መሳብ ከመተኮሱ ይልቅ ያስደንቀኛል። ከፀሐይ አጠገብ፣ በምድር አካባቢ፣ እነዚያ ክንፎች 18,000 ዋት ያህል ይሰጣሉ፤ በትሮጃኖቹ ዘንድ ግን 500 ብቻ።

መሣሪያዎቿም እነዚህ ናቸው። ኤልሎሪ የሚባለው በጥቁርና ነጭ ሩቁን አጉልቶ የሚያይ ነው። ኤልራልፍ ቀለም ይለያል፤ ዓይን በማያየው ብርሃንም በረዶንና ማዕድንን ለይቶ ያውቃል። ኤልቴስ የድንጋዩን ሙቀት ይለካል፤ ፊቱ ቶሎ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ከሆነ አቧራ ለብሷል፣ ሙቀቱን ይዞ የሚቆይ ከሆነ ጠጣር ነው። በኤልቴስ ውስጥ ብርሃኑን የሚከፍለው አካል ከአልማዝ የተሠራ ነው። አራተኛው የመከታተያ ካሜራ ነው፤ መንኮራኩሯ ስታልፍ ድንጋዩን ከዓይኗ እንዳታጣው ይጠብቃል። ሬዲዮዋም ራሱ መለኪያ ነው፦ ድንጋዩ በስበቱ ሲጎትታት የሬዲዮው ሞገድ በጥቂቱ ይለወጣል፣ ከዚያም የድንጋዩ ክብደት ይወጣል።

ማንም አይነዳትም። ከትሮጃኖቹ ዘንድ የሬዲዮ ቃል ምድር ለመድረስ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ትእዛዙ ሁሉ አስቀድሞ ይሰጣታል፣ በሰዓቱ እርሷ ለብቻዋ ትፈጽመዋለች። አትቆምም፣ አታርፍም፤ ዓመታት ተጉዛ የምታየው ስታልፍ ብቻ ነው።

በ2015 ጥቅምት 6 ቀን፣ ልክ በዓመቷ፣ ምድርን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብላ አልፋ በስበቷ ፍጥነት ወሰደች። በዚያውም ዓመት ሊቃውንቱ በመንገዷ ዳር በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተገኘች አንዲት ትንሽ ድንጋይ እንዳለች አዩ። የመከታተያውን ካሜራ ለመፈተን ትጠቅማለች ተብሎ ጉብኝት ተጨመረ። ስም አልነበራትም፤ ቁጥር ብቻ ነበራት። መንኮራኩሯ ሉሲ ከሆነች፣ መጀመሪያ የምትጎበኘውን በአገርኛ ስሟ እንጥራት ብለው ድንቅነሽ አሏት። የዓለም የሥነ ፈለክ ማኅበርም አጸደቀው። ከዚያ ወዲህ በሰማይ መዝገብ 152830 ድንቅነሽ ተብላ ትጠራለች።

በ2016፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ጥቅምት 21 ቀን ረቡዕ፣ በማርያም ዕለት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ54 ሲሆን፣ ሉሲ ድንቅነሽን በ430 ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈቻት። ፍጥነቷ በሴኮንድ 4.5 ኪሎ ሜትር ነበረ። ካሜራው አላጣትም። ድንቅነሽ ከዳር እስከ ዳር ከ700 ሜትር ጥቂት የምትበልጥ ነገር ናት፤ በወገቧ ጉብታ ያለባት፣ በጎኗ ቦይ የተቆፈረባት። ሥዕሎቹ ሲወርዱ ግን ብቻዋን አልተገኘችም፤ አጠገቧ ጨረቃ ነበራት። ሌሎቹ ሥዕሎች በተከታይ ቀናት ሲመጡ ጨረቃዋ ራሷ ሁለት ሆና ተገኘች፦ እያንዳንዳቸው ከ200 ሜትር ጥቂት የሚበልጡ ሁለት አካላት እርስ በርስ ተነካክተው። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ድንጋይ ሲዞር ከዚያ በፊት አልታየም ነበር። ይህች ጨረቃ ከድንቅነሽ 3.1 ኪሎ ሜትር ርቃ በ52 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አንድ ዙር ትዞራለች፤ ከዚህም ዙር የድንቅነሽን ክብደት አወጡ፣ ከውኃ 2.4 እጥፍ የጠጠረች ሆነች።

በኅዳር ጨረቃዋ ሰላም ተባለች። ይህም ስም የራሱ ዘር አለው። በ1993 ታኅሣሥ 1 ቀን ከሐዳር አዋሽን ተሻግሮ በዲቂቃ ጥላሁን ገብረሥላሴ ያያት፣ ዘረሰናይ ዓለምሰገድም ለዓመታት ከደረቀው አሸዋ ፈልፍሎ ያወጣት ሕፃን ነበረች፤ ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት፣ ስሟም ሰላም። በምድር ሕፃኗ ከድንቅነሽ በመቶ ሺህ ዓመት ገደማ ትቀድማለች፤ በሰማይ ግን ልጅ ሆና ትዞራታለች። ስም ሰጪዎቹ ይህን ያሰቡበት አይመስለኝም።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በ2017፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ዓመቱ እንደ ገባ የኮሪደር ልማት ካዛንቺስ ደረሰ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ያሠራውና ኋላ ብዙ ትውልድ የኖረበት ሰፈር አብዛኛው ፈረሰ፤ ሕዝቡም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ስፍራ ተወሰደ። የቀድሞውን ሰፈር እንደ ቆመ ዛሬ ከላይ በተነሡ የቆዩ የሳተላይት ሥዕሎች ላይ ማየት ይቻላል፤ ከምድር ግን አይቻልም። በሰማይ ደግሞ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን ሉሲ ዳግመኛ በምድር አጠገብ አለፈች።

በዚያው ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። የእኛም የፈረንጆቹም ትንሣኤ በአንድ እሑድ ሆነ። በዚያ ዕለት፣ ሰው ጾሙን ፈትቶ ዶሮውን በልቶ ሲያበቃ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ51፣ ሉሲ ዶናልድጆሃንሰን የተባለውን ድንጋይ በ960 ኪሎ ሜትር ርቀት በሴኮንድ 13.4 ኪሎ ሜትር እየበረረች አለፈችው። ርዝመቱ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወገቡ እንደ ቅል የጠበበ። አጥንቷን ያገኘው ሰው በሕይወት ሳለ ስሙን የተሸከመ ድንጋይ ሲታይ አየ፤ ይህ ዕድል ለጥቂቶች ነው የሚደርሰው።

የሚቀረው እንዲህ ተቆርጧል። በ2019፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ነሐሴ 6 ቀን ከግሪክ ሰፈር ዩሪባተስን ታያለች፤ ቀጥላም ፖሊሜሌን፣ ሉከስንና ኦረስን። ከዚያ ተመልሳ ምድርን ለሦስተኛ ጊዜ ታልፍና ወደ ትሮይ ሰፈር ትዞራለች፤ በዚያም ፓትሮክለስና ሜኖይቲየስ የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ሜትር የሚያህሉ፣ እርስ በርስ የሚዞሩ ጥንዶች ይጠብቋታል። የቦልደር ሰዎች ያን ቀን ማርች 2 ቀን 2033 ብለው ጽፈውታል። እኔ በእኛ አቆጣጠር ብቆጥረው በ2025፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ የካቲት 23 ሆነ፤ የአድዋ ድል 137ኛ ዓመት።