የውሻው ቀላቢ

የእንግሊዙ ንጉሥ አልፍሬድ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባወጣው ሕግ ውስጥ ስለ ነካሽ ውሻ የተጻፈ አንድ አጭር አንቀጽ ይገኛል። ውሻ ሰው ቢነክስ ለመጀመሪያው ጥፋት 6 ሽልንግ፣ ለሁለተኛው 12፣ ለሦስተኛው 30 ሽልንግ ይከፈላል። ውሻው ከነከሰ በኋላ ጠፍቶ ቢቀርም ካሣው አይቀርም። ከፋዩ ማን እንደሆነ የሚለይበት መንገድ ግን ከገንዘቡ ልክ ይበልጥ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የሚከፍለው ለውሻው መብል የሚሰጠው ሰው ነው። አንቀጹ ስለ ውሻው ዘር፣ ቁመት ወይም የራስ ቅል አንዲት ቃል አይናገርም። ቀላቢው ከታወቀ ተጠያቂው ታወቀ።

አልፍሬድ ሕጉን የከፈተው ከኦሪት ዘጸአት የወሰዳቸውን ሕግጋት ወደ ሕዝቡ ቋንቋ በመተርጎም ነበር። በምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ የተደነገገው የታወቀ ነው፤ በሬው ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፣ ባለቤቱ ግን ነጻ ይሆናል። አስቀድሞ ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ ግን ዕዳው በባለቤቱም ላይ ይወድቃል። የእንግሊዝ ዳኞች ከዘመናት በኋላ ያዳበሩት ልማዳዊ ሕግ በዚሁ መስመር ሄደ። የተነከሰው ሰው ካሣ ለማግኘት ባለቤቱ የውሻውን ክፉ ጠባይ አስቀድሞ ያውቅ እንደነበር ማስረዳት ነበረበት። ሸክሙ ከባድና ፍርደ ገምድልም ነበር፤ የመጀመሪያው ንክሻ ሰለባ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳልና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘግቶታል። በቁጥር 2071 መሠረት እንስሳው በድንገት ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም፣ ባለቤቱ ኃላፊ ነው።

ዛሬ በክፋት የሚታሙት ውሾች አብዛኞቹ የዘር ሐረጋቸው ወደ አንድ የቆየ የእንግሊዝ ጨዋታ ይመለሳል። ኮርማ በገመድ ከእንጨት ወይም ከብረት ቀለበት ጋር ይታሰርና ውሾች ይለቀቁበታል። የውሻው ሙያ በደረቱ ወደ መሬት ተጠግቶ፣ ከቀንዱ ሥር ሾልኮ፣ የኮርማውን አፍንጫ ነክሶ አለመልቀቅ ነበር። ሕዝቡ ይህን እንደ መዝናኛ ያየው ነበር፤ ከዚያም በላይ ከመታረዱ በፊት በውሻ የተነከሰ ኮርማ ሥጋው ይለሰልሳል የሚል እምነት ስለነበረ፣ ያልተነከሰ ኮርማ ሥጋ የሸጠ ሉካንዳ ነጋዴን የሚቀጡ ከተሞች ነበሩ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1800 ድርጊቱን ለመከልከል ለፓርላማ የቀረበው ረቂቅ ወደቀ። ዋና ተቃዋሚው ዊልያም ዊንድሃም ባለጠጎች በፈረስ እያደኑ እንዲቀጥሉ ተትቶ የድሃው ጨዋታ ብቻ መከልከሉን ተቃውመው ተከራከሩ። ክርክራቸው ለኮርማውም ለውሻውም አልጠቀመም፤ ሥቃዩ 35 ዓመት ተጨመረበት። ጆሴፍ ፒዝ ያቀረቡት ሕግ በ1835 ሲጸድቅ ኮርማንና ድብን ማስነከስም ሆነ ውሻን ከውሻ ማዋጋት ተከለከለ።

ክልከላው ያስከተለውን ነገር ያሰበው አልነበረም። ኮርማ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል፤ ከሕግ ዓይን አይሰወርም። ሁለት ውሾች ግን በመጠጥ ቤት ጓሮ ወይም በምድር ቤት ውስጥ በተከለለ ትንሽ ጉድጓድ ሊዋጉ ይችላሉ። የውሻ ማናከስ ጨዋታ በርሚንግሃም ዙሪያ ባሉት የድንጋይ ከሰልና የብረት አካባቢዎች በድብቅ የቀጠለው በዚህ ምክንያት ነው። ከባዱ ቡልዶግ ፈጣን ከሆነው ቴሪየር ጋር ተዳቀለ፤ ጠንካራ መንጋጋና ቅልጥፍና በአንድ ገላ ተገናኙ። አርቢው የመረጠው ቆስሎም ከውጊያ የማይሸሸውን ነበር፤ የሸሸው ዘር አይተካም። ነገር ግን በጉድጓዱ ውስጥ ሰዎችም ነበሩ። የየውሻው ያዥ አጠገባቸው ቆሞ በመሐል ያነሳቸዋል፣ ያጥባቸዋል፣ መልሶ ይለቃቸዋል። በያዡ እጅ ላይ የሚዞር ውሻ ለባለቤቱ ኪሳራ ነበር። ስለዚህ በውሻ ላይ ያለው ጭካኔና በሰው ላይ ያለው ጠባይ አንድ ነገር ተደርገው መቆጠር አልነበረባቸውም። ሁለቱም የተቀረጹት በሰው ምርጫ ነው፤ ምርጫው ሲለወጥ ወይም ቸል ሲባል ጠባዩም ይለወጣል።

የዚህ ዘር ልጆች በተለያየ መንገድ ሄዱ። የበርሚንግሃሙ ጄምስ ሂንክስ በ1860ዎቹ ነጭ ቡል ቴሪየር አርብቶ ለውሻ ትርኢት አቀረበ። በ1873 የተመሠረተው የእንግሊዝ ኬነል ክለብ ስታፎርድሻየር ቡል ቴሪየርን በመዝገቡ የተቀበለው በ1935 ነው፤ ማዋጋት ከተከለከለ ልክ 100 ዓመት በኋላ። ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ዘመዶቹ ደግሞ በ1898 በዩናይትድ ኬነል ክለብ አሜሪካን ፒት ቡል ቴሪየር ተብለው ተመዘገቡ። በ1936 ሌላው የአገሪቱ ክለብ ያንኑ ዘር በስታፎርድሻየር ቴሪየር ስም መዘገበ። አንድ ደም፣ ብዙ ስም።

ክፉ ስም በአንድ ዝርያ ላይ ብቻ ተቀምጦ አያውቅም። አውስትራሊያ በ1929 ወደ አገሯ እንዳይገባ የከለከለችው ዛሬ ፖሊስ ይዞት የሚታየውን የጀርመን እረኛ ውሻ ነበር፤ ከበግ ጠላት ከዲንጎ ጋር ይዳቀላል የሚል ስጋት ነበረባት። በጀርመን አፖልዳ ከተማ ሉዊስ ዶበርማን የተባለ ግብር ሰብሳቢ ለጥበቃ ያረባው ውሻ፣ ቀጥሎም የሮትቫይል ሉካንዳ ነጋዴዎች ከብት ይነዱበት የነበረው ሮትቫይለር በተራቸው ተፈርተዋል። አስፈሪ ውሻ የሚፈልግ ሰው በጊዜው የሚፈራውን ይገዛል፤ እንዲያስፈራም አድርጎ ያሳድገዋል። ስሙ የበለጠ እየከፋ የሚሄደው በዚህ ዑደት ነው።

የእንግሊዝ ሕግ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ የአልፍሬድን መንገድ አልለቀቀም። የ1871ዱ የውሾች ሕግ ለዳኛ የሰጠው ሥልጣን ግልጽ ነው፤ ውሻው አደገኛ ከሆነና በአግባቡ ካልተያዘ ባለቤቱ እንዲቆጣጠረው ወይም ውሻው እንዲገደል ማዘዝ ይቻላል። ዘሩ አይጠየቅም። በ1991 የጸደይ ወራት ግን ሕፃናት ጭምር ክፉኛ ተነክሰው አገር ደነገጠ። የሀገር ውስጥ ሚኒስትሩ ኬኔት ቤከር አዲስ ሕግ በጥድፊያ አስጸድቀው ነሐሴ 12 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። ፒት ቡል ቴሪየር፣ የጃፓን ቶሳ፣ ዶጎ አርጀንቲኖና ፊላ ብራዚሌይሮ ታገዱ። የአንድ ውሻ ፈቃድ 37 ሳንቲም ብቻ የነበረበት የፈቃድ ሥርዓት በ1980ዎቹ መጨረሻ ስለተሻረ፣ መንግሥት የትኛው ውሻ በማን ቤት እንዳለ የሚያሳይ መዝገብ አልነበረውም።

ሕጉ የታገዱትን በዝርያ ሳይሆን «በዓይነት» ነው የጠራቸው። ፍርድ ቤት በ1993 «ዓይነት» ከዝርያ የሰፋ መሆኑን ወሰነ፤ ስለዚህ የዘር ሐረጉ ምንም ይሁን ምን፣ ራሱ፣ ደረቱና ጅራቱ ተመዝኖ ፒት ቡልን የሚመስል ውሻ ጥፋተኛ ሊባል ይችላል። የማስረዳቱ ሸክምም በባለቤቱ ላይ ተጣለ፤ ውሻው የታገደው ዓይነት አለመሆኑን ማሳየት ያለበት እሱ ነው። ከአንድ እናት በአንድ ቀን ከተወለዱ ቡችሎች አንዱ ሕጋዊ፣ ሌላው ሕገወጥ ሊሆን ቻለ። የቅርብ ዘመዱ ስታፎርድሻየር ግን ሳይነካ ቀረ። ይህ የሕጉ ትልቁ ድክመት ነው፤ ማንንም ያልነከሰ ውሻ በመልኩ ተፈረደበት። በ1997 የተደረገው ማሻሻያ ዳኞች ውሻውን ከሞት የማትረፍ ሥልጣን እንዲኖራቸው አደረገ። ኔዘርላንድም በ1993 ያወጣችውን የፒት ቡል እገዳ በ2008 አነሳች፤ ንክሻው አልቀነሰም ነበር።

በዚያው የ1991 ሕግ 3ኛ አንቀጽ ውስጥ ብዙ ያልተወራለት ድንጋጌ አለ፤ በሕዝብ ቦታ ከቁጥጥር ውጪ ሆኖ የሚያሰጋ ማንኛውም ውሻ፣ የትኛውም ዝርያ ይሁን፣ ባለቤቱን ያስጠይቃል። በ2014 ይህ ኃላፊነት በእንግሊዝና በዌልስ እስከ ቤት ውስጥ ድረስ ተዘረጋ፤ ውሻው ሰው ከገደለ ባለቤቱ እስከ 14 ዓመት ይታሰራል። ከ2016 ጀምሮ እያንዳንዱ ውሻ የባለቤቱን አድራሻ የሚጠቁም ማይክሮቺፕ ከቆዳው ሥር እንዲገባለት ታዘዘ።

በ2023 የሞት አደጋዎች በርክተው ኤክስ ኤል ቡሊ የተባለው ግዙፍ ውሻ አምስተኛው የታገደ ዓይነት ሆነ። ከታኅሣሥ 31 ቀን ጀምሮ መሸጥ፣ ማርባትና መስጠት፣ ከየካቲት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ ያለ ምስክር ወረቀት መያዝ በእንግሊዝና በዌልስ ወንጀል ነው። ወረቀቱ በወቅቱ 92 ፓውንድ ከ40 ሳንቲም ያስከፍል ነበር። ውሻው መኮላሸት፣ ከቤት ሲወጣ በማሰሪያ መያዝና አፉን መታሰር አለበት፤ የሦስተኛ ወገን መድንም ሊገባለት ይገባል። የምስክር ወረቀቱን የሚያገኘው ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ ውሻውም ስሙ በወረቀቱ ከሰፈረው ሰው ጋር በአንድ አድራሻ ይኖራል፣ በ12 ወር ውስጥ ከ30 ቀን በላይ ሌላ ቦታ ማደር አይፈቀድለትም።