በአሜሪካ ምድር ጦር ለሰው ሀብት ዋራንት ኦፊሰርነት ማመልከትና የዜግነት ጉዳይ

በአሜሪካ ምድር ጦር ዋራንት ኦፊሰር ከበታች ሹሞች በላይ፣ ከምክትል መቶ አለቃ በታች የሚገኝ በአንድ ሙያ ላይ ያተኮረ ማዕረግ ነው። በመለያ ቁጥር 420ኤ የሚታወቀው የሰው ሀብት ዋራንት ኦፊሰር የሠራዊቱን የማዕረግ ዕድገት፣ የዝውውርና የግል ማኅደር ሥራ በበላይነት ይከታተላል።

ለማመልከት የሚያበቁ ዋና ዋና መስፈርቶች

1. የአሜሪካ ዜግነት፤
2. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያ ወይም አቻ ማስረጃ፤
3. በጦሩ የመግቢያ ፈተና ጠቅላላ ቴክኒካዊ ክፍል 110 ወይም ከዚያ በላይ ውጤት፤
4. የሳጅን ወይም የበለጠ ማዕረግ፣ በሰው ሀብት ሙያ (42ኤ) ከተገኘ የሥራ ልምድ ጋር፤
5. የምስጢር ጥበቃ ማረጋገጫ፣ የሕክምና ምርመራና የአካል ብቃት ውጤት።

በዜግነትና በፈተናው ውጤት ላይ የተቀመጡት መስፈርቶች በልዩ ፈቃድ አይታለፉም።

የአቀራረብ ሂደት

አመልካቹ ዲኤ 61 የተሰኘውን ቅጽ ሞልቶ ከአዛዦቹና ከሙያው ነባር ዋራንት ኦፊሰር ከሚያገኘው የድጋፍ ደብዳቤ ጋር ያቀርባል። ማመልከቻውን መራጭ ቦርድ ይመረምረዋል። የተመረጠው አመልካች በአላባማ ግዛት በሚገኘው ፎርት ራከር የዕጩዎች ትምህርት ቤት ገብቶ ካጠናቀቀ በኋላ በደቡብ ካሮላይና ፎርት ጃክሰን የሙያ ሥልጠናውን ይከታተላል።

የኢትዮጵያ ዜግነትን የሚመለከት ማሳሰቢያ

የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ (ግሪን ካርድ) ያለው ኢትዮጵያዊ በተራ ወታደርነት መቀጠር ይችላል፤ ለዋራንት ኦፊሰርነት ግን አስቀድሞ የአሜሪካ ዜግነት መውሰድ ይኖርበታል። በኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በራሱ ፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል።

ዜግነቱን የለወጠ ሰው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርድ ማውጣት ይችላል። ካርዱ ያለ ቪዛ ለመግባት፣ ያለ መኖሪያና የሥራ ፈቃድ ለመኖርና ለመሥራት ያስችላል። ሆኖም በኢትዮጵያ የመምረጥና የመመረጥ መብት አይሰጥም፤ በአገር መከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም በቋሚነት ለመቀጠር አያስችልም። በመሆኑም ባለጉዳዩ የዜግነት ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት የሚያገኘውንና የሚያጣውን መብት አመዛዝኖ ሊወስን ይገባል።