ለሕፃናት የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ስለመምረጥ

ኦኩፔሽናል ቴራፒ ሕፃናት መጉረስን፣ መልበስን፣ መጫወትንና የመሳሰሉትን የዕለት ተግባራት በተቻለ መጠን በራሳቸው እንዲያከናውኑ የሚያግዝ የሕክምና ሙያ ነው። በአገራችን ሙያውን በመጀመሪያ ዲግሪ በማስተማር ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቀዳሚ ሲሆን፣ የባለሙያዎቹ ቁጥር ገና አነስተኛ ነው።

በመሆኑም በላሊበላና በላስታ የሚኖሩ ወላጆች ባለሙያ ለማግኘት ሩቅ መጓዝ ሊኖርባቸው ይችላል። ከጉዞው አስቀድሞ ልጁን በጤና ጣቢያ ወይም በላሊበላ ሆስፒታል ማስመርመርና የሪፈር ወረቀት መያዝ ይገባል። ባለሙያው የታደሰ የሙያ ፈቃድ እንዳለው መጠየቅ የወላጅ መብት ነው፤ ነውርም የለበትም።

ከፈቃዱ ባልተናነሰ መታየት ያለበት ለወላጅ የሚሰጠው ትምህርት ነው። በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ ሕፃን ሌላውን ጊዜ የሚያሳልፈው በቤቱ ነው። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ልጁ ምን ላይ እንደሚቀመጥ፣ ከገበታ እንዴት እንደሚጎርስ፣ በዳገቱ ማን አዝሎት እንደሚወጣ ይጠይቃል፤ መልመጃውንም እናቱ ወይም አያቱ እፊቱ እንዲሞክሩት ያደርጋል። እንደ ሴሬብራል ፓልሲ ያለውን ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጉዳት ፈጽሞ አድናለሁ ብሎ ቃል የሚገባን ሰው ግን ማመን አይገባም።

በ4 ወሩ አንገቱ ያልጸና ወይም በ9 ወሩ ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ ሕፃን ሳይዘገይ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሊታይ ይገባል።