ከግብር አዳራሽ እስከ ትኬት መስኮት

ዘመድ ከክፍለ ሀገር ሲመጣ አዲስ አበቤ የሚያደርገው የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ቀን ለቡናና ለወሬ ነው። እንግዳው ለሕክምና ከመጣ የሐኪም ቀጠሮው፣ ለጸበል ከመጣ እንጦጦ ይቀድማል። ከዚያ እሑድ ይደርሳል። ልጆች ይታጠባሉ፣ እንግዳው ጋቢውን ይደርባል፣ ታክሲ ተይዞ ወደ ስድስት ኪሎ ይወጣል። ከአንበሳ ግቢ ተነስቶ ቁልቁል ወደ አምስት ኪሎው ብሔራዊ ሙዚየም፣ ጉልበት ከተረፈም እስከ አራት ኪሎ የሚዘልቀው ይህ መንገድ ማንም ሳያቅደው የከተማዋ የእንግዳ ዙር ሆኗል። ለክረምት ከዋሽንግተን የመጣ የአክስት ልጅም፣ ከቤይሩት ለዕረፍት የተመለሰች እህትም በዚያው መንገድ ያልፋሉ።

በዚህ ዙር ላይ የሚታየው አብዛኛው ነገር ከቤተ መንግሥት የወጣ ነው።

በምኒልክ ዘመን ከአገር ቤት የመጣ ሰው ከተማ ሊያይ አልነበረም የሚመጣው። ሙግት ያለበት፣ ርስቱን የተነጠቀ፣ ሹመት የፈለገ ደጅ ሊጠና ይመጣል፤ አቤቱታው እስኪሰማም ወራት ይቆያል። ከቀናው ግብር ይገባል። በ1890 ዓ.ም. አካባቢ የተሠራው የምኒልክ አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየማዕረጉ፣ በየተራው ጥሬ ሥጋ የሚቆርጥበትና ጠጅ የሚጠጣበት ነበር። አገሩ ሲመለስ ለጎረቤት የሚያወራው ያየውን ድንኳን፣ ያየውን መጋረጃ፣ ያየውን መኳንንት ነው። ጉብኝት ከተባለ ጉብኝቱ ይኸው ነበር፤ ግን ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለው በጌታው ፈቃድ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ቋሚ የሕዝብ መስህቦች መካከል አንበሶቹ ይገኙበታል ቢባል ብዙ አያሳስትም። አፄ ቴዎድሮስ የለመዱ አንበሶችን አጠገባቸው አድርገው እንግዳ ይቀበሉ እንደነበር ይታወቃል፤ ከእሳቸው በኋላ የነገሡትም አንበሳን ከግቢያቸው አላራቁም። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ላይ የአንበሳ ማቆያውን ሲያቋቁሙ የነገሥታቱ ምልክት በፍርግርግ በኩል ለማንም የሚታይ ሆነ። ክብ ሆኖ የተሠራው ቤት ለሕፃናት የተመቸ ነው፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው መምጣት ነው። ለአንበሶቹ ግን ጠባብ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቦታና ገንዘብ በማነሱ ግልገሎች በመርዝ ይገደሉ እንደነበር ሲዘገብ ዜናው በዓለም ዙሪያ ተሰማ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጀርመኑ የማክስ ፕላንክ ተቋምና በእንግሊዙ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት በግቢው የሚገኙ 15 አንበሶችን ዘረ መል መርምሮ፣ እነዚህ ጎፈራቸው የጠቆረና እስከ ደረትና ሆዳቸው የሚወርድ እንስሶች ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አስታወቀ። ለእሑድ መዝናኛ ብቻ ሲታይ የኖረው ግቢ ሊጠፋ የሚችል ዘር ማቆያ ሆኖ ተገኘ።

የብሔራዊ ሙዚየሙም መነሻ ከዚያው ወገን ነው። በ1936 ዓ.ም. በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ግቢ ለእይታ የቀረቡት ዕቃዎች በአብዛኛው ንጉሣውያን ቤተሰቦችና የቅርብ ሰዎቻቸው የሰጧቸው የማዕረግ ልብሶች ነበሩ። ካባ፣ ዘውድና ዙፋን ለማየት የሚሄደውን ሰው ወደ አጥንት የመለሰችው ድንቅነሽ ናት። ሃዳር ላይ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ 60 ሰዎችን፣ ከእነዚያም ብዙዎቹን የንጉሡን ባለሥልጣናት፣ የረሸነው በዋዜማው ነበር። ካባዎቹን ለብሰው ይታዩ ከነበሩት መሳፍንትና መኳንንት መካከል አንዳንዶቹ በጥይት በወደቁ ማግስት የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ፍጡር ከአፋር አፈር ወጣች። ዛሬ በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ እነሱ ላይ፣ እሷ ታች፣ ለአንድ ትኬት ይታያሉ።

እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «እውነተኛዋ ናት?» በመስታወቱ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ቅጂው ነው፤ ዋናው አጥንት በጥብቅ ይቀመጣል። ከ1999 እስከ 2005 ዓ.ም. ዋናው በአሜሪካ ሲዞር ሂዩስተን ያሉ ኢትዮጵያውያን አምስት ኪሎ ያሉት ያላገኙትን ዕድል አገኙ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ሰላም ከተባለችው የሕፃን ቅሪተ አካል ጋር ወደ ፕራግ ተጉዛለች።

ፎቅ መውጣት የማይታክተው እንግዳ ካለ ከአንበሳ ግቢ ብዙም የማይርቀው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ከሁሉም የበለጠ ነው። ቤቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚህ ቅጥር ውስጥ ነው። ከሕንፃው ፊት የፋሺስት አገዛዝን ዘመን ለመቁጠር ጣሊያኖች የሠሩት 14 እርከን ያለው ደረጃ ዛሬም ቆሟል፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ የታገቱት መኳንንት የተገደሉትም እዚሁ ነው። ንጉሡ ከዚያ በኋላ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ጎብኚው ስለ ገዳ፣ ስለ ሠርግና ስለ ለቅሶ ሥርዓት የተሰናዳውን ማሳያ አይቶ ሲያበቃ የንጉሡን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ያያል። አገር ቤት የኖረ አዛውንት ከሁሉም ይልቅ እዚህ ላይ ቆም ይላል። ደጅ መጥናት ብርቅ ባልነበረበት ዘመን ለተወለደ ሰው የጃንሆይን መታጠቢያ ገንዳ በሁለት እርምጃ ርቀት ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

የምኒልክ ግቢ እንዲህ ለመከፈት ብዙ ጠብቋል። ደርግም ኢሕአዴግም መንበራቸውን እዚያው አድርገው ስለነበር አላፊ አግዳሚው በአጥሩ ሥር የሚያልፈው ፍጥነቱን ጨምሮ ነበር። በመስከረም 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ሲከፈት ግን የግብር አዳራሹ፣ የዙፋን ቤቱ፣ ከሥሩም ደርግ የንጉሡን ሹማምንት ያሰረበት ምድር ቤት አንድ ላይ ለሕዝብ ታዩ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በእስር ላይ ሆነው ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ያረፉት በዚሁ ቅጥር ውስጥ ነው፤ መቃብራቸው ከዚያ ብዙ በማይርቀው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ግቢው የራሱ አንበሶችም አሉት፤ ሰፊና ሣር የለበሰ ቦታ ተሰጥቷቸዋል።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥና የብር ኢዮቤልዩ የተሠራው ቤተ መንግሥት ታድሶ በሙዚየምነት ተከፈተ። ቦታው ከመስቀል አደባባይ አቅራቢያ፣ ከኪሎዎቹ መስመር ወጣ ብሎ በመሆኑ የድሮው ዙር በአንድ እሑድ አልጨርስ ብሏል። አስተናጋጁ ቤተሰብ መምረጥ ግድ ሆኖበታል። ልጅና እንግዳ የበዛበት ቤት የአዳዲሶቹን ግቢዎች የመግቢያ ዋጋ በሰው ቁጥር ያባዛና፣ አዛውንቶቹንና ዲያስፖራውን ወደ ቤተ መንግሥቱ ልኮ ሕፃናቱን ስድስት ኪሎ ይወስዳል።